የጣፋጩ ዳቦ ቀን

በጋጋሪዋ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው የእሷ ነው፣ ሁለተኛው የባሏ። ሁለቱም ደህና ይሠራሉ፤ ሰዓት አዳሽ ቢመጣ አንድም ጉድለት አያገኝባቸውም። ግን አይስማሙም። ዛሬ ልክ እኩል ቢሆኑ ነገ የባልየው አርባ ደቂቃ ያህል ይቀድማል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። እንዲህ እንዲህ እያለ እሷ ቁርስ ስትበላ እሱ እራቱን የሚበላበት፣ እሷ ልትተኛ ስትል እሱ ፊቱን የሚታጠብበት ጊዜ ይመጣል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይቃረቡና ከአንድ የምድር ወር ትንሽ ዘለል ሲል አንድ ጠዋት እንደገና እኩል ይሆናሉ። ጥፋቱ የሰዓቶቹ አይደለም፣ የማርስ ነው።

የማርስ ቀን ከምድር ቀን ያቺን አርባ ደቂቃ ያህል ይረዝማል። አርባ ደቂቃ ምን አላት ብላችሁ እንዳትንቋት፤ ትዳር የምታናጋ አርባ ደቂቃ ናት! መጀመሪያ የመጡት ሰፋሪዎች ከፀሐይ ጋር ግብግብ ከመግጠም ብለው ሰዓታቸውን ለጠጥ አደረጉት። እያንዳንዷ ሰከንድ ከምድሯ ሰከንድ በጥቂቱ ትንቀራፈፋለች፣ ቀኑም እንደለመዱት ሃያ አራት ሰዓት ሆኖ ይቀራል። ሰፈሩ ሁሉ የሚተዳደረው በዚህ ነው። የመተላለፊያው መብራት በእሱ ይበራል፣ ትምህርት ቤቱ በእሱ ይከፈታል፣ ምድጃው በእሱ ይሞቃል። አሻፈረኝ ያለ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ የራዲዮ ክፍሉ። የምድር ሰው ማርስ ነጋ አልነጋ ምን ቸገረው! ቢሮ ሲገባ ይጠራል፣ ቢሮ ሲዘጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ራዲዮኛው በምድር ሰዓት መነሳት፣ በምድር ሰዓት መተኛት ነበረበት። ራዲዮኛው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የጋጋሪዋ ባል።

ማርስ መሄድ የፈለገችው እሷ ናት። ምድር ሳሉ መንገድ ጥግ ካለ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ሱቁ ጠባብ፣ ባለቤቱ ነጭናጫ። ለአዲሱ ሰፈር ጋጋሪ ይፈለጋል ሲባል የሰማች ዕለት እንቅልፍ አጣች። ባሏ ስልክ ቤት የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ካልጎተቱት ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ነው። «አንቺ ካለሽ የት አይኬድም» ብሎ ተከተላት። ለእናቱ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። የሽኝቱ ዕለት ልጃቸውን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ወደ ምራታቸው ዞረው «ልጄን ወሰድሽብኝ» አሏት፤ ጉንጫቸውን ልትስም ስትጠጋም ፊታቸውን አዞሩባት። ያ ፊት ማዞር ከሆዷ ወጥቶ አያውቅም። ሊጥ ስታቦካ ድንገት ትዝ ይላታል፤ ያን ጊዜ ሊጡ አበሳውን ያያል።

ዳቦ ቤቷ ዋናው መተላለፊያ ላይ ነው። ሰፈሩ ከመሬት በታች ስለተሠራ መንገድ የሚሉት ይኸው ረጅም ኮሪደር ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግራና ቀኙ በር በበር። በቀኟ ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ በግራዋ ልብስ ሰፊዋ፣ ፊት ለፊቷ ክሊኒኩ። መብራቱ ገና ሳይደምቅ የመጀመሪያው ትሪ ከምድጃ ይወጣል። ማርስ ላይ ነገር ሁሉ ስለሚቀል ሊጥ ኩፍ ሲል ምድር ከሚታወቀው በላይ ሽቅብ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ሰሞን ዳቦው ከምድጃው ጣሪያ ጋር እየተጣበቀ አሳሯን አብልቷታል። አሁን እጇ ለምዶታል። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ይዛ ስትሠራ ላያት የተቆጣች ትመስላለች። ተቆጥታ አይደለም፣ ፊቷ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሁለቱ ሰዓቶች እኩል የሆኑ ጠዋት ባልየው ዓይኑን እያሸ መጣና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስንት ቀን በእንቅልፍ ልባቸው ተላልፈው፣ «እራትህ ተከድኗል»፣ «ብርድ ልብሱ ይኸውልሽ» ከመባባል በቀር አላወሩም ነበር። አሁን ሁለቱም ነቅተው፣ ሁለቱም ቁርስ አምሯቸው፣ ፊት ለፊት! የምታደርገው ጠፋት። ማርስ ላይ ስኳር እንደ ወርቅ ነው፤ እሷ ግን የሰሞኑን ድርሻዋን አንስታ ሊጡ ላይ ዘረገፈችው። ሽታው በአየር ማስተላለፊያው ቧንቧ ገብቶ ቤት ለቤት ዞረ። ሰው አፍንጫውን ተከትሎ መጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«ባሌ ተገኘ!» አለችው።

ሰዓቶቹ እንደገና ሲገጥሙ ደግማ ጋገረች። ከዚያም ሠለሰች። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ለሰፈሩ ወር ሆነለት።

ማርስ ላይ ወር የሚባል ነገር ሰው የሚያጣላ ጣጣ ነበር እኮ። ምድር አንድ ደህና ጨረቃ አላት፤ ትሞላለች፣ ትጎድላለች፣ በሰላም ወር ይገባል ይወጣል። ማርስ ሁለት አሏት ግን የምትረባ የለችም፤ ሁለቱም የድንች ቅርጽ ያላቸው ሚጢጢዎች፣ አንደኛዋማ በቁርስና በእራት መሃል ዞራ የምትመጣ ቅብጥብጥ ናት። ዓመቱም የዋዛ አይደለም፤ ሁለት የምድር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የሰፈሩ ኮሚቴ ይህን ረጅም ዓመት ሃያ አራት ቦታ ቆራርጦ፣ ለየቁራጩ ቁጥር ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ማን ይያዘው? «ዛሬ የአሥራ ሰባተኛው ወር ስንተኛው ቀን ነው?» ቢሉት ሰው አፉን ከፍቶ ያያል። ጣፋጭ ዳቦን ግን የሚዘነጋ የለም። ልብስ አጣቢዋ አንሶላ የምትቀይረው በጣፋጭ ዳቦ ሆነ፣ የውሃ ታንከር የሚታጠበው በጣፋጭ ዳቦ። እናቶች «ልጄ አሥር ጣፋጭ ዳቦ ሞላት፣ ልትሄድ ምንም አልቀራት» ማለት ጀመሩ። ዓመቱን ሲቆጥሩት አሥራ ስምንት ዳቦና ቅምሻ ሆኖ ተገኘ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሕግ የምትወድ ግን ሳቅ የማያጣት ሴት ናት፤ የድሮውን ሰሌዳ ነቅላ «ሕዝብ ከወሰነ እኔ ምን አባቴ አደርጋለሁ» ብላ አዲሱን ሰቀለች። ጋጋሪዋ ይህን ስትሰማ ጉንጯ ቀላ፣ ደስም አላት። «እኔ ባሌን ባየሁ የሰው ሁሉ ወር ይገባል!» እያለች ሳቀች።

ሳቁ የቆመው አዲሷ ራዲዮኛ መጥታ ሰንበት ካለች በኋላ፣ አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ነው። ልጅቷ በመጨረሻው መንኮራኩር የመጣች፣ ለወሬ የምትፈጥን፣ ክፋት የሌለባት ናት።

«እትዬ» አለቻት ዳቦዋን እየጠቀለለች፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነበር፣ ባልሽ እንቢ አለ እንጂ።»

«ምኑን ነው እንቢ ያለው?»

«የሰዓቱን ነዋ! ስመጣ እኮ ኮሚቴው የምድሩን ሰዓት ለእኔ ሊሰጠኝ፣ እሱ ወደ ሰፈሩ ሰዓት ሊመለስ ነበር። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ መቼም ብተኛ ግዴለኝም። ‹ተዪው፣ ለምጄዋለሁ› አለኝ። አልነገረሽም እንዴ?»

የጋጋሪዋን ፊት ስታይ ምላሷን ነከሰች። ግን ቃሉ ወጥቷል።

ጋጋሪዋን እሳት በላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ባዶ አልጋ ላይ በተኛች ቁጥር «ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው» እያለች ራሷን ስታጽናና ኖራለች። ለካ ሥራ አይደለም! በየጠዋቱ አብሯት ቁርስ መብላት ይችል ነበር፤ ተጠይቆ ነው አልፈልግም ያለው። ያውም ከሁለት ጣፋጭ ዳቦ በፊት። ሁለት ጊዜ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ ስኳሯን በልቶ፣ ትንፍሽ ሳይል ወጥቷል። ምን ነክቶት ነው? ሰልችታው ይሆን? ይህቺ ሐሳብ ከመጣች በኋላ የምትሄድ አልሆነችም።

ሰዓቶቹ እኩል የሆኑ ጠዋት ደረሰ። ባልየው ፀጉሩን አበጥሮ መጣ፣ ጆንያው ላይ ተቀመጠ፣ አየሩን አሸተተ። ደረቅ ዳቦ ነው የሚሸተው።

«ዛሬ እኩል ነን አይደል?» አለ።

«ሰዓቶቹ እኩል ናቸው።»

«ምን ሆነሻል ሆዴ?»

«ሆዴ አትበለኝ! ልጅቷ ልተካህ ብላህ እንቢ ብለሃል?»

ባልየው አቀርቅሮ ዱቄት የነካ ጫማውን አየ። «ብያለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

ቀና ብሎ አያት። «ለሥራው ብዬ ነው» አለ። ይህ ሰው ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ቀላ።

«እንግዲያው እዚያው ከሥራህ ጋር ኑር!» አለችና ትሪውን ምድጃው ውስጥ ወርውራ በሩን ዘጋችው። ባልየው ቤት ገብቶ ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ራዲዮ ክፍሉ ሄደ።

አሁን የሰፈሩን ጉድ ስሙ። ሰው በየበሩ ብቅ እያለ ያሸትታል፣ ምንም የለም። «ወሩ አልገባም» ተባለ። ልብስ አጣቢዋ አንሶላ አልቀየረችም። ለጣፋጭ ዳቦ ቀን ሠርጋቸውን የቆረጡ ሁለት ወጣቶች ለብሰው፣ ተኳኩለው ሲጠብቁ ዋሉና ልብሳቸውን መልሰው ሰቀሉ። ሊቀመንበሯ «በስሌት ወሩ ገብቷል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይግባ» ብላ ለጠፈች። ስሌቷ ትክክል ነው፤ ሰዓቶቹን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ሰው በስሌት ወር ገባ ቢሉት ልቡ አይቀበል! ሲቸግራት የውሃውን ኃላፊ ይዛ ወደ ዳቦ ቤት መጣች። እኚህ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቧንቧ ጋር የኖሩ ስለሆኑ ሰፈሩ ጋሼ ቧንቧ ነው የሚላቸው።

«ልጄ፣ ታንከሩን ልጠብ ወይስ አልጠብ?» አሏት።

«ይጠቡታ! እኔ ምን አገባኝ ጋሼ?»

«ወሩ ሳይገባ?»

እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። እጇን ከሊጡ አወጣችና፣ «እኔ የሰፈሩ ጨረቃ ነኝ እንዴ?» አለች። «ባሌን ሳየው ደስ አለኝ፣ ደስ ሲለኝ ጋገርኩ፤ እናንተ ደስታዬን ወስዳችሁ ወር አደረጋችሁት። አሁን ደስታ የለኝም። ከየት ላምጣላችሁ?»

ሊቀመንበሯ አንድ ደረቅ ዳቦ ገዝታ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ጋሼ ቧንቧ ግን በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ለምን እንደሆነ ጠይቀሽዋል?»

«ጠየቅሁት። ዋሸኝ።»

«ታዲያ የሚያሳፍረው ነገር አለ ማለት ነው። ሄደሽ እይው እንጂ ልጄ፤ እዚህ ሆነሽ ሊጥ ብትደበድቢ ሊጡ አይነግርሽ።»

«አልሄድም!» አለች። እልኸኛ ናት፣ አልሄደችም። ቀናት አለፉ። የባልየው ሰዓት አርባ አርባ ደቂቃውን እየያዘ ሸሸ፣ ሸሸና የመጨረሻው ጥግ ላይ ደረሰ፤ የእሷ የመኝታ ሰዓት የእሱ ጠዋት ሆነ። በዚያ ሌሊት አልጋዋ ላይ ተገላብጣ ተገላብጣ እንቢ ሲላት ብድግ ብላ መብራት አበራችና ግድግዳውን አየች። ለእሱ ነግቶለታል፣ ሸሚዙን ለብሶ ሥራው ላይ ነው። «ቆይ፣ ሄጄ ልክ ልኩን ነው የምነግረው!» አለች። የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣች።

የራዲዮ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ባልየው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል፣ ኮሌታው ድረስ ተቆልፏል፣ ሰው ቤት ሊሄድ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አለና፣

«እንደምን አደርሽ እማዬ?» አለ።

ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ደህና ነኝ። ቁርስሽን በላሽ?»

ደግሞ ዝም።

«ብይ እንጂ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።»

ጋጋሪዋ በሩን ይዛ ቀረች። ማርስ ላይ ያለ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከዚህ የወጣ ቃል ምድር እስኪደርስ ሻይ ፈልቶ ይጠጣል፣ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሻይ። ከምድር ሰው ጋር አፍ ለአፍ ማውራት የለም። ታዲያ ይህ ሰው ማንን ነው የሚያዳምጠው? ጆሮው ላይ ምንም የለ! «ባሌ አበደ» አለች በልቧ።

«እሷም ደህና ናት እማዬ» አለ ባልየው። «ሰላም ብላሻለች። ሁልጊዜ ታነሳሻለች። አሁን ዳቦ ላይ ናት።»

እሷ ሰላም ብላ ልካ አታውቅም። አንድ ቀንም።

«ደህና ዋይ እማዬ። ነገም እደውላለሁ» ብሎ ቁልፉን ሲያጠፋ ዞረና አያት። ጆሮው ቀላ፤ አሁን ግን ከውሸት አልነበረም።

«የእማዬ አእምሮ እየሄደ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ከመጣን በዓመቱ ነው የጀመራት። እህቴ አብራት ትኖራለች አይደል? እማዬ ግን ሠራተኛ ናት ብላ ነው የምታስባት። የኔን ድምፅ ግን ቁርስ ላይ በስልክ ከመጣላት ታውቀዋለች። ማርስ ነው፣ መልሱ ይዘገያል ብንላት አልገባ አላት። ስለዚህ እህቴ ‹አንድ ነገር ጠይቃትና እንድትመልስ ዝም በልላት› አለችኝ። እዚያ ሲደርስ እውነተኛ ወሬ ይመስላታል። እኔ እዚህ ሆኜ ዝምታውን እለካለሁ። ቁርስ ላይ ድምፄ ካልመጣ ግን፣ ‹ልጄ ቀረብኝ› እያለች በር ላይ ቆማ ነው የምትውለው።»

«ድምፅህን ቀድተህ ለልጅቷ አትሰጣትም? እሷ ትላክልህ።»

«ይቻላል» አለ እጁን እያየ። «ግን እኔስ? እናት አለኝ የምለው በዚህች ሰዓት ብቻ ነው። ልተዋት አልቻልኩም።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ብነግርሽ ‹አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ› ያልኩሽ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። በራሴ እግር ነው የመጣሁት። እንዲቆጭሽ አልፈለግሁም።»

ልክ ልኩን ልትነግረው የመጣችው ሴት አፈረች፤ ያን ሁሉ ቀን ሰልችቼው ነው ስትል እሱ እዚህ ብቻውን ተቀምጦ ለእናቱ ዝምታ ሲለካ ነበር። አልቅሳ ሲወጣላት አፍንጫዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገችና ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ቁርሳቸውን ጨርሰው ይሆን?»

«ቀስ ብላ ነው የምትበላው።»

«አብራው።»

አበራው። ድምፅ ማጉያው ፊት ስትቀርብ የሽኝቱ ዕለት ድቅን አለባት፣ ያ የዞረ ፊት መጣባት።

«እንደምን አደሩ እማማ? እኔ… ምራትዎ ነኝ።»

ባልየው ጣቱን አነሳ፤ ቆዪ ማለቱ ነው። ቆየች። በሕይወቷ እንደዚያ የረዘመ ዝምታ አታውቅም። ጣቱን አወረደ።

«ዳቦው ለስላሳ ነው እማማ? ጠርዙ ጥርስዎን እንዳይጎዳዎት፣ ቆርጠው ይተዉት።»

ጣቱ ተነሳ፣ ወረደ።

«አይዞዎት እሺ። ልጅዎ ደህና ነው፣ እኔ አለሁ።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ባልየው ሻይ አፈላ፤ እሱ እንደ ጠዋት ሻይ ጠጣ፣ እሷ እንደ ሌሊት ሻይ። ብዙም አላወሩም፣ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ተቀመጡ። እህትየው የቁርሱን ድምፅ ሁሉ እንዳለ ትልክለት ነበርና መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ የማንኪያ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ አሮጊቷ ለልጃቸው «ደህና አደርኩ፣ በልቻለሁ» ሲሉ ተሰሙ። ከዚያ ቆም አሉና፣

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

«ምራትሽ ናት እማዬ» አለች እህትየው ከሩቅ።

«ድምጿ ደስ ይላል። ነገም ትምጣ።»

ጋጋሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከሳቅም ከለቅሶም የተቀላቀለ ነገር መጣባት። «ረስተውታል» አለች። «ያን ቀን ረስተውታል እኮ! እስከ ዛሬ ተሸክሜው የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ።» ባልየው ራሷን ደረቱ ላይ አስጠጋ።

ከዚያ ወደ መኝታ አልሄደችም፤ በቀጥታ ዳቦ ቤት ገብታ እሳቱን አነደደች። ያልተነካ ስኳሯን፣ የከረመውን ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር ሊጡ ላይ አፈሰሰችው። መብራቱ ሲደምቅ ሰፈሩ በዳቦ ሽታ ተጥለቅልቆ ነቃ። ምን አለፋችሁ፣ ግርግር ሆነ! «ወር ገባ!» ይላል አንዱ። «የምን ወር? መሃሉ ነው እኮ!» ይላል ሌላው። ሁለቱ ሙሽሮች ነገሩ ሳይለዋወጥ ብለው በዚያው ጠዋት ተጋቡ። ጋሼ ቧንቧ ባልዲያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና «ልጠብ?» አሏት። «ይጠቡ ጋሼ» አለቻቸው፣ ትኩስ ዳቦ እጃቸው ላይ እያስቀመጠች።

ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰፈር ወር ሁለት ጣፋጭ ዳቦ አለው። አንዱ ሰዓቶቹ እኩል ሲሆኑ ነው፣ ባልየው ወደ እሷ የሚመጣበት፤ ይህ መግቢያ ይባላል። ሌላው ሰዓቶቹ ከሁሉ ጊዜ በላይ ሲራራቁ ነው፣ እሷ ወደ እሱ የምትሄድበት፤ ይህ መሃል ይባላል። ሊቀመንበሯ ሰሌዳው ላይ ጨምራዋለች። አዲሷ ራዲዮኛ የቀኑን ሁለተኛ አጋማሽ ስለወሰደችለት ባልየው አሁን ትንሽ ይተነፍሳል፤ የቁርሱን ሰዓት ግን ለማንም አይሰጥም፣ ሚስቱም ስጥ አትለውም። ሰፈሩ ስኳር እያዋጣ ለሁለቱም ዳቦ ያመጣላታል። ከሁሉ አስቀድማ የምታወጣውን ግን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ራዲዮ ክፍሉ ይዛ ትሄዳለች።

አሮጊቷ ምራታቸው በመጣች ቁጥር አያውቋትም። በመጣች ቁጥር «ይቺ ማን ናት?» ይላሉ፣ እሷም በመጣች ቁጥር እንደ አዲስ ትተዋወቃቸዋለች። ባለፈው መሃል ስለ ዳቦ አወራቻቸው፣ ወገባቸውን ጠየቀቻቸው፣ አንድ ቀልድ ነገረቻቸው። ባልና ሚስቱ ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ መልሱ መጣ። አሮጊቷ ከልባቸው ሲስቁ ይሰማል። ከዚያም ተነፈሱና፣

«አንቺ ልጅ ደግ ነሽ» አሉ። «ምነው ልጄም እንዳንቺ ያለች ባገኘ!»

ባልየው ሚስቱን አያት። እጁን ዘርግቶ ቁልፉን መልሶ አበራው።

እሷም ጠጋ ብላ «ያገኛል እማማ፣ አያስቡ» አለች፣ እሳቸው እንዲመልሱላትም ዝም አለች።